ባለ ሁለት ካንዴላ ቴስታታ፦ ለዚህ ሞተር ያስፈልገዋል ወይስ አንድ ይበቃዋል?

ባለ8ቫልቭ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሞተር ከፍቻለሁ፣ ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚዘጋው ክዳን) ጠረጴዛ ላይ ነው። ከመዝጋቴ በፊት የእናንተን ሐሳብ መስማት እፈልጋለሁ።

ሞተሩ የድሮ ባለ 4 ሲሊንደር ነው። 2 ሊትር፣ በሲሊንደር 2 ቫልቭ። የማቃጠያ ክፍሉ ግማሽ ኳስ ይመስላል፣ ቤንዚኑን የምትለኩሰው ካንዴላ ደግሞ መሃል ላይ ሳትሆን ወደ ጎን ገባ ያለች ናት። ቦሩ (የሲሊንደሩ ስፋት) 84 ሚሊ ሜትር፣ ስትሮኩ (የፒስቶኑ ጉዞ) 88.5። ሁለት ባለ ሁለት ጉሮሮ ካርቡሬተር ይዟል። ካምሻፍቶቹ (ቫልቮቹን የሚከፍቱት) ለከፍተኛ ዙር የተሠሩ ስለሆኑ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ አንዳንዴ ሲሊንደር ሳይነድድ ይዘላል። የድሮው ፒስቶን ኮምፕረሽኑ (የቤንዚንና የአየር ድብልቁ ስንት እጥፍ እንደሚጨመቅ) 9 ለ 1 ነበር። አሁን የገዛሁት ፎርጅድ ነው፣ አናቱ ጉብ ያለ፣ ተለክቶ 10.8 ለ 1 ይሰጣል። የምጠቀመው ቤንዚን ባለ 98 ኦክቴን ነው፣ የውድድር ነዳጅ የለም።

ቴስታታውን የሚሠራልኝ ሰው «እጄ ላይ እያለ ሁለተኛ ካንዴላ ልብሳልህ» አለኝ። አንዱ ጓደኛዬ «ሁለት ካንዴላ ማለት ሁለት እጥፍ እሳት፣ ጉልበት በነጻ» ይላል። ሌላው ደግሞ ገንዘብህን ገደል አትክተት ብሎኛል። ግራ ገባኝ።

ትናንት ማታ አንድ ነገር ሞከርኩ። ቴስታታውን አስቀምጬ 1ኛውን ፒስቶን ወደ ላይኛው ጫፍ አደረስኩትና በካንዴላዋ ቀዳዳ ቀጭን ካሜራ አስገባሁ። የታየኝ የፒስቶኑ ጉብታ ብቻ ነው። ግድግዳ ፊት እንደ መቆም ነው። ከጉብታው ወዲያ ያለውን ግማሽ ክፍል ጨርሶ ማየት አልቻልኩም። ካሜራውን ባዞር ባጣምም ያው ነው።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ሁለተኛ ካንዴላ ስንት ፈረስ ጉልበት ይጨምራል? አድቫንሱ (ፒስቶኑ ላይኛው ጫፍ ከመድረሱ ስንት ዲግሪ ቀድሞ እንደሚለኮስ) ይቀየራል ወይስ እንዳለ ይቀጥላል? እሳቱንስ በምን ነው የምሰጠው? የሠራችሁት ካላችሁ ከልምዳችሁ ንገሩኝ።


አጭር ፒስቶን፦

ወንድሜ አትድከም። የእኔ ሞተር በሲሊንደር 4 ቫልቭ ነው፣ አንድ ካንዴላ መሃል ላይ፣ 12 ለ 1 ኮምፕረሽን፣ አንድ ቀን እንኳ አንኳኩቶብኝ አያውቅም። ሁለተኛ ካንዴላ የድሮ ሰዎች መፍትሔ ነው። ያንን ገንዘብ ለቫልቭ መቀመጫና ለፖርት (የአየር መተላለፊያ) ሥራ አውለው፣ አየር ሲገባ ነው ጉልበት የሚመጣው።


ስልሳ ዲግሪ፦

አጭር ፒስቶን ስለ ራሱ ሞተር ያለው ልክ ነው። ግን የእሱ ሞተርና የአንተ ሞተር የሚመሳሰሉት በስም ብቻ ነው። በካሜራ ያየኸው ግድግዳ ለጥያቄህ ግማሽ መልስ ሰጥቶሃል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ድብልቁ ሲሊንደር ውስጥ እንደ ፈንጂ በአንዴ አይፈነዳም። ይነድዳል። እሳቱ ካንዴላዋ ጫፍ ላይ እንደ ትንሽ ኳስ ይነሳና እየሰፋ ወደ ሲሊንደሩ ግድግዳ ይሄዳል። ፒስቶኑ ደግሞ ቆሞ አይጠብቀውም። በደቂቃ 6,000 ዙር ላይ ክራንኩ በሰከንድ 36,000 ዲግሪ ይዞራል። ስለዚህ 36 ዲግሪ አድቫንስ ሰጠህ ማለት ፒስቶኑ ላይኛው ጫፍ ሊደርስ አንድ ሺኛ ሰከንድ ሲቀረው ለኮስክ ማለት ነው። በዚያች አንድ ሺኛ ሰከንድ ውስጥ ግፊቱ መጨመር ይጀምራል፣ ፒስቶኑ ግን ገና እየወጣ ነው። የራስህ እሳት የራስህን ፒስቶን ወደ ታች ይገፋዋል። ያ ኪሳራ ነው። እሳቱ ቀርፋፋ ከሆነ ግን ሌላ ምርጫ የለህም፣ ቀድመህ መለኮስ አለብህ፤ ምክንያቱም ጥሩ ቶርክ (የማዞር ኃይል) የሚገኘው የድብልቁ ግማሽ ነድዶ የሚያልቀው ፒስቶኑ ጫፉን ካለፈ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ሲሆን ነው።

አሁን ወደ አንተ ክፍል እንምጣ። ካንዴላህ ጎን ላይ ናት፣ እሳቱ የ84 ሚሊ ሜትሩን አብዛኛውን ማቋረጥ አለበት። ይሄ ባልከፋ፣ ግን መሃል ላይ ተራራ አቁመህበታል። ጉብታው ክፍሉን ለሁለት ከፍሎታል። ወዲህ ያለው ነድዶ ሲያልቅ ወዲያ ያለው ገና እየተጨመቀና እየጋለ እሳቱን ይጠብቃል። ያ የሚጠብቀው ድብልቅ ነው ማንኳኳት የሚያመጣው። ሙቀቱ ከአቅሙ በላይ ሲሆን እሳቱ ሳይደርስበት በራሱ ይነሳል። ኮምፕረሽን በጨመርክ ቁጥር ጉብታው ያድጋል፣ ጉብታው ባደገ ቁጥር እሳቱ ይዘገያል፣ እሳቱ በዘገየ ቁጥር አድቫንስ ትጨምራለህ፣ አድቫንስ ስትጨምር ያንኳኳል። በአንድ ካንዴላ ከዚህ ቀለበት መውጣት ይከብዳል።

ሁለተኛዋ ካንዴላ የምትሠራው ይህንን ቀለበት መቁረጥ ነው። እሳቱ ከሁለት ወገን ይነሳል፣ እያንዳንዱ የሚሄደው መንገድ ግማሽ ገደማ ይሆናል፣ ከጉብታው ወዲያ ያለውም ክፍል የራሱ ካንዴላ ይኖረዋል። ቶሎ ስለሚያልቅ ዘግይተህ መለኮስ ትችላለህ።

የፋብሪካዎቹን ታሪክ ብታይ ራሱ ይነግርሃል። አልፋ ሮሜዮ እ.ኤ.አ. በ1914 በሠራው የግራንድ ፕሪ መኪና ላይ ሁለት ካንዴላ ነበረ። በ1965 ጂቲኤ የተባለው የውድድር መኪናው ሲመጣ ባለ 2 ቫልቭ ቴስታታውን በሁለት ካንዴላ አሠሩት። ፖርሼም በ1967 911 አር ላይ፣ ኋላም በውድድር 911ዎቹ ላይ እንዲሁ አደረገ። በ1989 ደግሞ ለመንገድ በሚሸጠው 911 (964 በሚባለው ትውልድ) ላይ መጣ። ያ ሞተር 3.6 ሊትር ነው፣ ቦሩ 100 ሚሊ ሜትር፣ በሲሊንደር 2 ቫልቭ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ኮምፕረሽኑም 11.3 ለ 1። ይሄን በአንድ ካንዴላና በተራ ቤንዚን ማሠራት እንዴት እንደሚከብድ አስበው። ከዚያ በ1990ዎቹ መጨረሻ 911 በውሃ ወደሚቀዘቅዝና 4 ቫልቭ ወዳለው ሞተር ሲዞር ካንዴላው ወደ አንድ ተመለሰ። ኩባንያው ያው ነው፣ የመኪናው ስምም ያው ነው። የተለወጠው የክፍሉ ቅርጽ ነው። ካንዴላዋን መሃል ላይ ማስቀመጥ ሲቻል ሁለተኛዋ አላስፈለገችም።

ስንት ፈረስ ይጨምራል ላልከው፣ ቁጥር አልሰጥህም። ካንዴላ ራሷ ጉልበት አትሠራም። ኮምፕረሽኑን ሳትነካ ብቻዋን ብትጨምራት አድቫንሱን አስተካክለህ የምታገኘው ትንሽ ነው፣ እሱም የሚታየው በመካከለኛው ዙርና ነዳጁን በግማሽ ስትረግጥ ነው። ትልቁ ጥቅም 10.8ን ያለ ፍርሃት እንድትጠቀም መፍቀዷ ነው። ሚኒሞ ላይ ይዘላል ያልከውም ይሻሻላል። ያ ካምሻፍት በዝቅተኛ ዙር የተቃጠለ ጋዝ ሲሊንደር ውስጥ ስለሚያስቀር ድብልቁ አልነሳ ይላል፣ በሁለት ቦታ ሲለኮስ ግን የመያዝ ዕድሉ ሰፊ ነው።

አድቫንሱን በተመለከተ እባክህ አስምርበት። ይቀየራል፣ በደንብ ይቀየራል። በአንድ ካንዴላ እንዲህ ያለ ሞተር 36 ምናምን ዲግሪ ይፈልጋል። በሁለት ከ6 እስከ 10 ዲግሪ ዝቅ ይላል። እኔ የመጀመሪያውን ስሠራ «ትንሽ ብቻ ልቀንስ» ብዬ 34 ላይ ተውኩት። ሞተሩ ድምፁ ጥሩ ነበር፣ የካርቡሬተሩ ጩኸት ማንኳኳቱን ሸፈነብኝ። ካንዴላዎቹን ስፈታ ነጩ ሸክላ ላይ በርበሬ የተነሰነሰ የሚመስል ጥቃቅን ነጠብጣብ አየሁ፣ አንዳንዱ ብርሃን ሲመታው ያበራል። የሚያበራው አልሙኒየም ነው፣ ከፒስቶኑ አናት የተነሳ። ቴስታታውን ሳነሳ 3ኛው ፒስቶን ጠርዙ ተበልቷል፣ በሁለቱ ፋሻዎች (የፒስቶኑ ቀለበቶች) መካከል ያለው ቀጭን ክፍልም ተሰንጥቋል። ካንዴላ ጨምሬ ያጠፋሁት ፒስቶን ነው ማለት ነው። ስለዚህ ከ24 ጀምር። ዳይኖ (የሞተር ጉልበት መለኪያ) ላይ 2 ዲግሪ እየጨመርክ ሂድ። ቶርኩ መጨመር ሲያቆም እዚያ አትቆይ፣ 1 ወይም 2 ዲግሪ መልስ።


ማግኔቶ፦

የእኔ ሥራ የአውሮፕላን ሞተር ነው፣ ትናንሾቹ ባለ ፒስቶን። እዚያ በሲሊንደር ሁለት ካንዴላ፣ በሞተሩም ሁለት ማግኔቶ (ለካንዴላ እሳት የሚያመነጭ መሣሪያ) መኖሩ የየቀኑ ነገር ነው። የመጀመሪያው ምክንያት ደኅንነት ነው፣ አንዱ ማግኔቶ ቢሞት ሞተሩ አይቆምም። ግን ስልሳ ዲግሪ የጻፈውን በዓይን ማየት የሚቻለውም እዚያው ነው።

ከመነሳት በፊት የሚደረግ ፍተሻ አለ። ላይካሚንግ የተባለው ኩባንያ የሠራው ሞተር ከሆነ ዙሩን 1,800 አካባቢ ታደርሰውና ቁልፉን ከሁለቱ ማግኔቶ ወደ አንዱ ታዞረዋለህ። የዙር መቁጠሪያው መርፌ ወዲያው ትወርዳለች። በቤንዚኑም በአየሩም ላይ ምንም አልነካህም፣ ያጠፋኸው በየሲሊንደሩ አንድ ካንዴላ ብቻ ነው። ላይካሚንግ የሚፈቅደው ከ175 ዙር ያልበለጠ መውረድ ነው፣ በግራና በቀኙ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ከ50 መብለጥ የለበትም። የጭስ ማውጫ ሙቀት መለኪያ ካለህ በዚያው ቅጽበት ሙቀቱ ወደ ላይ ሲሄድ ታያለህ። ለምን? አድቫንሱ ለሁለት እሳት የተወሰነ ነው፣ ብዙዎቹ 25 ዲግሪ ላይ ተቆልፈው ነው የሚሠሩት፣ ቦሩም 130 ሚሊ ሜትር ነው። አንዱን እሳት ስትነሳው ቃጠሎው ይረዝማል፣ ከፊሉ ሥራ ሳይሠራ እየነደደ በጭስ ማውጫ ይወጣል።

ይህን የምነግርህ አንድ ነገር እንድትወስድ ነው። ሁለት ካንዴላ ያለው ሞተር አንዱ ረድፍ (በየሲሊንደሩ ካሉት ሁለት ካንዴላዎች የአንዱ ወገን) ቢሞት ይነሳል፣ ይሄዳል፣ ሚኒሞም ይይዛል። ላታውቀው ትችላለህ። 964ን የሚያውቅ ሰው ይመሰክርልኛል፣ ዲስትሪቡተሩ ውስጥ ሁለተኛውን ክፍል የምታዞር ትንሽ ቀበቶ አለች፣ እሷ ስትበጠስ ሁለተኛው ረድፍ በትክክል መሥራቱን ያቆማል፣ መኪናው ግን መሄዱን አያቆምም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ረድፍ የየራሱ ማጥፊያ ዳሽቦርዱ ላይ አድርግ። ሞተሩ ሲሞቅ መኪናው ቆሞ 3,000 ዙር ላይ ያዘው፣ አንዱን ረድፍ አጥፋ፣ መልስ፣ ሌላውን አጥፋ፣ መልስ። ሁለቱም ጋ ዙሩ ትንሽ መውረድ አለበት። አንዱ ጋ ምንም ካልወረደ ያ ያጠፋኸው ረድፍ ድሮም አይሠራም ነበር። ሌላኛው ጋ ደግሞ ሞተሩ ጨርሶ ይጠፋብሃል።


አጭር ፒስቶን፦

እሺ፣ ስለ ክፍሉ ቅርጽ ያላችሁት ገብቶኛል፣ የመጀመሪያ መልሴ ቸኩሎ ነበር። ግን ሁለት ነገር ልጠይቅ። አልፋ ባለ 16 ቫልቩ ትዊን ስፓርክ ላይም ሁለት ካንዴላ አስቀምጧል፣ ያ ደግሞ 4 ቫልቭ ነው። እሱንስ ምን ትሉታላችሁ? ሁለተኛ፣ ችግሩ ጉብታው ከሆነ ካንዴላ ከመጨመር ጉብታውን መቀነስ አይሻልም?


ስልሳ ዲግሪ፦

ሁለቱም ጥሩ ጥያቄ ነው።

ባለ 16 ቫልቩ ላይ ዋናዋ ካንዴላ መሃል ላይ ናት። ሁለተኛዋ ወደ ጠርዝ ተገፍታ የገባች ትንሽ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ካንዴላ ናት። ለውድድር ጉልበት ሳይሆን ለንጹሕና ለተረጋጋ ቃጠሎ የምትጠቅም ናት። የመርሴዲስ ባለ 3 ቫልቭ ቪ6፣ የክራይስለር 5.7 ሄሚ ባለ 16 ካንዴላው፣ የሆንዳ ትንሿ አይ-ዲኤስአይ፣ እነዚህ ሁሉ ሁለት ካንዴላ ያስገቡት ጭሱን ለማጥራትና ቤንዚን ለመቆጠብ ጭምር ነው። ፋብሪካ ካንዴላ ጨመረ ማለት ሁልጊዜ ጉልበት ፈለገ ማለት አይደለም፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። በፒስቶን ፈንታ ሮተር የሚዞርበት የማዝዳ ሮታሪማ ክፍሉ ረጅምና ቀጭን ስለሆነ በአንድ ቦታ ለኩሶ መጨረስ አይቻልም፣ በ1991 የለማን ውድድርን ያሸነፈው የማዝዳ 787ቢ በየሮተሩ 3 ካንዴላ ነበረው።

ጉብታውን ስለ መቀነስ፦ አዎ፣ መጀመሪያ መደረግ ያለበት እሱ ነው። ባለ8ቫልቭ ስማኝ፣ ቴስታታው ሳይበሳ በፊት ፒስቶኖቹን አውጣ። የጉብታውን ሹል ጠርዝ ሁሉ በእጅህ አለስልስ፣ ሹል ነገር ይግላል፣ የጋለ ነገር ያለ ካንዴላ ይለኩሳል። ከዚያ ከካንዴላዋ ፊት ለፊት እሳቱ የሚያልፍበት ጠፍጣፋ ቦይ ጉብታው ላይ አስፈልፍል። ከኮምፕረሽንህ የሚሄደው ትንሽ ነው፣ እሳቱ ግን መንገድ ያገኛል። ያን አድርገህ ኮምፕረሽኑ ወደ 10 ቢወርድና ያ ቢበቃህ፣ በአንድ ካንዴላ መኖር ትችላለህ፣ ማንም አይወቅስህም። 10.8ን ጠብቄ በ98 ቤንዚን ዙሩን እስከ ላይ እነዳለሁ ካልክ ግን ሁለተኛዋ ካንዴላ ግድ ናት ብዬ አምናለሁ።


ፍሬዛ፦

ቴስታታ በመብሳት ነው የምኖረው፣ ስለዚህ ስለ ቀዳዳው እኔ ልናገር።

መጀመሪያ የሞተ ቴስታታ ፈልግ። የተሰነጠቀ፣ የተጣመመ፣ ምንም ይሁን፣ ከአንተው ሞተር ብቻ ይሁን። በሁለተኛዋ ካንዴላ መስመር ላይ በመጋዝ ለሁለት ክፈለው። ከውጭ ስታየው ቦታ ያለ ይመስልሃል፣ ውስጡ ግን የውሃው መንገድ የት ጋ እንደሚያልፍ፣ በቫልቭ መቀመጫውና በቀዳዳው መካከል ስንት ሚሊ ሜትር አልሙኒየም እንደሚቀር የሚነግርህ የተቆረጠው ብቻ ነው። በግምት በስተው ውሃ መንገድ ውስጥ የገቡ ብዙ አይቻለሁ። ውሃ መንገድ ከተነካ እጅጌ አስገብቶ መበየድ ይቻላል፣ ከተበየደ በኋላ ግን ሙቀቱ ቴስታታውን ያጣምመዋል፣ ፊቱ እንደገና መላጨት፣ የካምሻፍቱ መስመርም መለካት አለበት። ዋጋው የሚያድገው እዚህ ጋ ነው።

ለአዲሷ ካንዴላ ባለ 14 ሚሊ ሜትር ጥርስ አትመኝ። የድሮዋ 14 ትሁን፣ አዲሷ 12 ወይም 10 ትሁን። 10 ቦታ ትቆጥባለች፣ ግን የሙቀት ደረጃ (ካንዴላዋ ሙቀቷን ምን ያህል ቶሎ እንደምታስወጣ) ምርጫዋ ጠባብ ነው፣ ጥርሷም ስስ ነው። በአልሙኒየም ላይ 10 ሚሊ ሜትሯን ከ10 እስከ 12 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው የምታጠብቀው፣ 12ቷን ከ15 እስከ 20። በስሜት የሚያጠብቅ እጅ ጥርሱን ይበላዋል።

ሌላው የጥርሱ ርዝመት ነው። ካንዴላዋ ከክፍሉ ግድግዳ ጋር እኩል ትጨረስ። ወደ ውስጥ ካለፈች የወጣው ጥርስ ይግልና ያለ ጊዜው ይለኩሳል። ካጠረች ደግሞ እሳቱ ጉድጓድ ውስጥ ይነሳል፣ በጉድጓዱ አፍ እስኪወጣ ያተረፍከውን ጊዜ ትከፍላለህ። ከዚያ ጉብታው ላይ ፕላስቲሊን ለጥፍ፣ ከአሮጌ ጓርኒሲዮን (የቴስታታ ማሸጊያ) ጋር ቴስታታውን አጥብቅ፣ ክራንኩን በእጅ ሁለት ዙር አዙርና ፍታው። የሁለቱ ካንዴላዎች ጫፍ ፕላስቲሊኑ ላይ አሻራ ትቶ ታገኛለህ። በአሻራው ላይ የቀረው ውፍረት ከ1.5 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ እኔ አልዘጋውም፣ ፒስቶኑን አስፈልፍላለሁ።


ቀይ ገመድ፦

የእሳቱን ጥያቄ ማንም አልነካውም፣ እኔ ልውሰደው።

ብዙ ሰው የሚሠራው ስሕተት ይሄ ነው፦ ሁለት መውጫ ያለው ኮይል (የካንዴላውን ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጥ) ይገዛና ሁለቱንም ገመድ ወደ አንዱ ሲሊንደር ይወስዳል። ንጹሕ ይመስላል። ግን ያ ኮይል ሁለቱን ካንዴላዎች በአንድ ተከታታይ መስመር ነው የሚለኩሳቸው። በተለመደው አሠራር አንዷ ካንዴላ በተጨመቀ ሲሊንደር ውስጥ፣ ሌላዋ ጭስ በሚያስወጣ ሲሊንደር ውስጥ ናት፣ ጭስ በሚያስወጣው ጋ ግፊት ስለሌለ እሳቱ በቀላሉ ይዘላል። ሁለቱንም አንድ ሲሊንደር ውስጥ ስትከታቸው ሁለቱም ክፍተት 10.8 ኮምፕረሽን ውስጥ ነው፣ የሚያስፈልገው ቮልቴጅ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ከዚያም በላይ አንዷ ገመድ ብትበጠስ ሁለቱም ካንዴላዎች ይሞታሉ፣ ሁለት ያስገባህበት ትርፍ የለም።

እንዲህ አድርግ። ባለ ሁለት መውጫ 4 ኮይል ያዝ። የመጀመሪያው የ1ኛና የ4ኛ ሲሊንደር የላይኛ ካንዴላዎችን ይለኩስ። ሁለተኛው የ2ኛና የ3ኛን የላይኛ። ሦስተኛውና አራተኛው ያንኑ ለታችኛው ረድፍ ይድገሙት። አንድ ኮይል ቢሞት እንኳ ሁሉም ሲሊንደር አንዳንድ ካንዴላ ይቀረዋል። እሳቱን የሚያዘው ኮምፒውተርም ሁለት መውጫ ብቻ ይበቃዋል፣ እያንዳንዱ መውጫ ሁለት ኢግናይተር (ኮይሉን የሚያበራና የሚያጠፋ) ጎን ለጎን ያዛል። ማግኔቶ የነገረህ የየረድፉ ማጥፊያም የሚገባው የኮይሎቹ 12 ቮልት ላይ ነው። የካንዴላ ክፍተቱን 0.7 ሚሊ ሜትር አካባቢ ያዝ፣ ከፍ ባለ ኮምፕረሽን ሰፊ ክፍተት እሳቱን ያጠፋዋል። ሽቦውን ቀጭን አታድርግ፣ የኮይሉ ብዛት እጥፍ ስለሆነ አምፔሩም እጥፍ ነው።

ሁለቱ ረድፎች በአንድ ጊዜ ይለኩሱ ወይስ በተለያየ የሚል ክርክር አለ። ለውድድር በአንድ ጊዜ። አለቀ።


ባለ8ቫልቭ፦

እንዴት አመስግኜ እንደምጨርስ አላውቅም። የተባልኩትን ማድረግ ጀምሬያለሁ።

የሞተ ቴስታታ አግኝቼ ለሁለት ከፈልኩት። ፍሬዛ እውነትክን ነው፣ መጀመሪያ ልንበሳ ያሰብነው ቦታ ላይ ከውሃው መንገድ የሚለየን 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። አንግሉን ወደ ጭስ ማውጫው ወገን ትንሽ ስናጋድለው 7 ተገኘ። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ካንዴላ ያለ ብየዳ ይገባል። ፒስቶኖቹንም ጠርዛቸውን አለስልሼ ቦይ አስፈለፈልኩ፣ እንደገና ፈሳሽ ሞልቼ ስለካው 10.5 ሆነ። በካሜራ ስገባ አሁን ቦዩን ተከትዬ ከጉብታው ወዲያ ያለውን የቫልቭ ጠርዝ ማየት ቻልኩ። ሁለተኛዋን ካንዴላ ግን አስገባታለሁ፣ ወስኛለሁ።

የቀሩኝ ሁለት ናቸው። የካንዴላዎቹ ሙቀት ደረጃ ለሁለቱም ረድፍ አንድ ይሁን? ከዚያ ስልሳ ዲግሪ የጠቀሰው የካርቡሬተር ጩኸት እኔም ጋ አለ፣ ማንኳኳቱን በምን ልስማ?


ስልሳ ዲግሪ፦

ሁለቱንም ረድፍ ከድሮው አንድ ደረጃ ቀዝቀዝ ባለ ጀምር። ዳይኖ ላይ ሙሉ ነዳጅ ከሰጠኸው በኋላ ሚኒሞ ላይ ሳትቆይ አጥፋውና ሁለቱንም ረድፍ ፈትተህ አስተያይ። የጭስ ማውጫው ወገን ያለችው ሞቅ ብላ ትገኛለች፣ እሷን ብቻ አንድ ደረጃ ማቀዝቀዝ ካስፈለገ ያኔ ታደርገዋለህ።

ለመስማት አንድ ክንድ የሚያህል ቀጭን የመዳብ ቱቦ ያዝ። አንዱን ጫፍ ቀጥቅጠህ ጠፍጣፋ አድርግና በስተህ ብሎኩ ላይ ባለ ቡሎን እሰረው፣ ቴስታታው አጠገብ ቢሆን ጥሩ ነው። ሌላውን ጫፍ ረጅም የጎማ ቱቦ አልብሰህ የጆሮ መከላከያ ውስጥ አስገባው። የካርቡሬተሩ ጩኸት ይጠፋል፣ የሞተሩ ሆድ ብቻ ይቀርልሃል። ማንኳኳት ሲጀምር ጠጠር ቆርቆሮ ላይ እንደ መወርወር ነው የሚሰማህ። አንድ ጠጠር ከሰማህ ነዳጁን ልቀቅ፣ 2 ዲግሪ ቀንስ፣ ካንዴላዎቹን ፍታና ሸክላቸውን እይ።


ባለ8ቫልቭ፦

ቱቦው አለኝ። ቴስታታው ሰኞ ፍሬዛ ማሽን ላይ ይወጣል። ዳይኖ ላይ ከ24 ጀምሬ በየ2 ዲግሪው ቶርኩን እጽፍላችኋለሁ፣ አንዱን ረድፍ አጥፍቼም በአንድ ካንዴላ ያንኑ እደግመዋለሁ፣ ልዩነቱ በዚሁ ሞተር ላይ ይታያል።


ማግኔቶ፦

በአንድ ካንዴላ ስትደግመው አድቫንሱን ለእሱ የሚበቃውን ስጠው፣ እስከ 36 ድረስ ቀስ እያልክ። አለበለዚያ የምትለካው ካንዴላውን ሳይሆን የተሳሳተ አድቫንስ ነው። ቱቦውን ደግሞ ከጆሮህ አታውጣ፣ ከ30 በላይ ስትሄድ በተለይ።